ባለ26 ክፍሉ የፈይናን ሎጅ ለጥብቅ ሥፍራዎች አስተዳደር የሚያስተምረው

በብሔራዊ ፓርኮችና በሌሎች ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራዎች አቅራቢያ ሎጅ ለመገንባት የሚቀርቡ ጥያቄዎች ለወረዳ፣ ለዞንና ለክልል መሥሪያ ቤቶች እንግዳ ጉዳይ አይደሉም። የፕሮጀክት ሐሳቦቹም አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ቃላት ይዘው ይመጣሉ፤ ዘላቂ፣ ለአካባቢ ተስማሚ፣ ቅንጡ፣ የሥራ ዕድል ፈጣሪ። መሬት የሚያስተላልፈው፣ ፈቃድ የሚሰጠውና አፈጻጸሙን የሚከታተለው ባለሙያ ግን እነዚህ ቃላት በተግባር ምን ማለት እንደሆኑ የሚለይበት መመዘኛ ያስፈልገዋል። አንድ ጊዜ የተሰጠ የግጦሽ መሬት ወይም የምንጭ ውኃ በቀላሉ አይመለስምና።

መመዘኛው ምን ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ከሚጠቅሙ ተሞክሮዎች አንዱ በደቡባዊ ዮርዳኖስ በረሃማ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው የፈይናን ኢኮ ሎጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ይህ ማረፊያ 26 ክፍሎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ በተደጋጋሚ በምሳሌነት ይጠቀሳል። የሚጠቀሰውም ለሕንፃው ውበት ብቻ ሳይሆን፣ ኃይሉ፣ ውኃውና ገቢው የሚተዳደሩበት ሥርዓት በግልጽ የሚታይ በመሆኑ ነው።

ኢኮ ሎጅ ሲባል

ኢኮ ሎጅ በተፈጥሮ ሀብቱ በታወቀና ከከተማ በራቀ ሥፍራ የሚገነባ፣ የክፍሎቹ ቁጥር ውስን የሆነ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2002ን ዓለም አቀፍ የኢኮ ቱሪዝም ዓመት አድርጎ ካወጀ ወዲህ ቃሉ በስፋት መለመዱ ይታወቃል። በዘርፉ ተቀባይነት ባገኘው ትርጓሜ መሠረት ኢኮ ቱሪዝም ሦስት ግዴታዎችን በአንድነት ይይዛል። እነዚህም የተፈጥሮ አካባቢን መጠበቅ፣ የአካባቢውን ነዋሪ ኑሮ መደገፍ እንዲሁም ጎብኚው ስለ ሥፍራው እንዲያውቅ ማድረግ ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ መሟላቱ በቂ አይደለም። ጣሪያው በሣር የተከደነ፣ ግድግዳው ከድንጋይ የተሠራ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በናፍጣ ጄኔሬተር የሚበራ፣ ምግቡንና ሠራተኛውን ከሩቅ ከተማ የሚያስመጣ፣ ፍሳሹን ወደ ወንዝ የሚለቅ ማረፊያ በመልኩ ኢኮ ሎጅ ቢመስልም በሥራው ተራ ሆቴል ነው። በአንጻሩ አካባቢውን ባይጎዳም ለጎረቤቱ አንዳች ጥቅም የማያስገኝ ሎጅ ጎረቤቱን ጠባቂ ሊያደርገው አይችልም።

ሥፍራውና ነዋሪዎቹ

ፈይናን የሚገኘው በዳና የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ነው። ዳና 300 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በታች እስከሚወርደው የዋዲ አረባ ቆላ ይዘልቃል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ የአየር ንብረቱ በፍጥነት ስለሚለዋወጥ ሥፍራው ከ800 በላይ የዕፀዋት ዝርያዎችን ይዟል። ከእንስሳቱ መካከል ደግሞ የእኛው ዋልያ የቅርብ ዘመድ የሆነው የኑቢያ አይቤክስ ይገኝበታል።

ጥብቅ ሥፍራው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የሚያስተዳድረውም የዮርዳኖስ የተፈጥሮ ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር ሲሆን፣ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ መንግሥታዊ ያልሆነ ተቋም ሆኖ ጥብቅ ሥፍራዎችን የማስተዳደር ሥልጣን ከመንግሥት የተሰጠው ነው።

ማኅበሩ ሥራ ሲጀምር ባዶ መሬት አልጠበቀውም። በዳና መንደር በአትክልትና ፍራፍሬ የሚተዳደሩ ገበሬዎች፣ በፈይናን ቆላ ደግሞ ከአራት ጎሣዎች የተውጣጡ የቤዱዊን አርብቶ አደሮች ይኖሩ ነበር። ለአርብቶ አደሩ ፍየል ሀብቱም፣ ምግቡም፣ የችግር ቀን መጠባበቂያውም ነው። ለጥብቅ ሥፍራው ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ የፍየል ግጦሽ ቀንበጡን የሚያጠፋ፣ አይቤክሱን መኖ የሚያሳጣ ዋነኛ ሥጋት ነበር።

በመሆኑም ጥያቄው ገና ከመነሻው ስለ ሆቴል አልነበረም። ፍየሉን ቀንስ የሚባለው ሰው በምትኩ ምን ያገኛል የሚል ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዳና የተጀመሩት የፍራፍሬ ማድረቅ፣ የመድኃኒትነት ያላቸው ዕፀዋት ዝግጅት፣ የብር ጌጣጌጥና የቆዳ ሥራዎች ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ የመጀመሪያ መልሶች ናቸው። የፈይናን ሎጅም ከእነዚህ ሥራዎች ቀጥሎ የመጣ ተጨማሪ መልስ እንጂ ብቻውን የቆመ የኢንቨስትመንት ፕሮጀክት አይደለም።

ኃይልን ከመጨመር በፊት ፍላጎትን መቀነስ

ከዋና መስመር ርቆ የሚገነባ ሆቴል የመጀመሪያ ፈተናው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የተለመደው አካሄድ የሚፈለገውን መሣሪያ ሁሉ ዘርዝሮ ለዚያ የሚበቃ ጄኔሬተር መግዛት ነው። በፈይናን የተመረጠው አካሄድ ግን በተቃራኒው ፍላጎቱን አስቀድሞ መቀነስ ሲሆን፣ የቀረውን ከፀሐይ ማግኘት ነው።

በዮርዳኖሳዊው አርክቴክት አማር ካማሽ የተነደፈው ሕንፃ በውስጣዊ አደባባዮቹ ጥላ የሚፈጥርና አየር የሚያዘዋውር ሲሆን፣ የውጭ ገጽታው ቀለም ከአካባቢው አለት ጋር የተቀራረበ ነው። መኝታ ክፍሎቹ ማታ የሚበሩት በሻማ ነው። የኤሌክትሪክ መብራት ያለው በመታጠቢያ ቤቶች፣ በወጥ ቤቱና በቢሮ ብቻ በመሆኑ፣ በፀሐይ ኃይል የሚገኘው መጠነኛ ኤሌክትሪክ ለሥራው ይበቃል። የመታጠቢያ ውኃውም የሚሞቀው በፀሐይ ነው።

ለእንግዶች የሚቀርበው ምግብ ሥጋ የሌለበት ነው። ይህ አሠራር ከሌሎች ጥቅሞቹ በተጨማሪ ብዙ ኃይል የሚጠይቀውን የማቀዝቀዣ ፍላጎት ይቀንሳል። በክረምት ወራት ክፍሎችን ለማሞቅ ደግሞ የአካባቢው ዛፍ አይቆረጥም። የወይራ ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውና በአረብኛ ጅፍት የሚባለው ገለባ እንደ ማገዶ ያገለግላል።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ማንኛውም መሣሪያ ከተገዛ በኋላ ጥገና፣ መለዋወጫና ባለሙያ ይፈልጋል። ከከተማ ብዙ ሰዓት በሚያስኬድ ሥፍራ የተበላሸ የአየር ማቀዝቀዣ ለሳምንታት ሳይጠገን ሊቆይ ይችላል። ያልተገዛ መሣሪያ ግን አይበላሽም። ስለዚህ ቁጠባው ለአካባቢ ጥበቃ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ማስኬጃ ወጪም ይበጃል።

ውኃ፦ የምንጩ ባለቤት ማን ነው?

በደረቅ ሥፍራ የውኃ ጉዳይ ከኃይልም በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፈይናን ውኃ የሚያገኘው ከአካባቢው ምንጭ ሲሆን፣ ለእንግዶች የሚቀርበው በፕላስቲክ ጠርሙስ ሳይሆን በሸክላ ነው። ሸክላ ውኃን እንደሚያቀዘቅዝ ለአገራችን ቆላማ አካባቢ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም። በዚህ ቀላል ዘዴ ሎጁ የማቀዝቀዣ ኃይልን ይቆጥባል፤ ከበረሃ መልሶ ለማውጣት አስቸጋሪ የሆነውን የፕላስቲክ ቆሻሻም ከምንጩ ያስቀራል።

የውኃውን ጉዳይ ክብደት ለመረዳት አንድ ስሌት እንመልከት። 26 ክፍሎች ያሉት አንድ ሎጅ በእያንዳንዱ ክፍል ሁለት እንግዶች ቢያስተናግድና አንድ እንግዳ በቀን 150 ሊትር ቢጠቀም፣ የዕለት ፍጆታው 7 ሺህ 800 ሊትር ይሆናል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለአገራችን ገጠር ተቀምጦ የነበረው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በዚህ መለኪያ ሲሰላ የሎጁ የአንድ ቀን ፍጆታ የ312 የገጠር ነዋሪዎች ድርሻ ማለት ነው። የመዋኛ ገንዳ፣ የመስክ ሣርና የልብስ ማጠቢያ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል።

ስሌቱ ሎጅ አይገንባ ለማለት የቀረበ አይደለም። ሆኖም ከመንደር ምንጭ የሚጠቀም ማንኛውም ፕሮጀክት ምንጩ በበጋ ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ ቀድሞ የሚጠቀመው ማን እንደሆነና በድርቅ ወቅት ቅድሚያ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ መጻፍ እንዳለበት ያሳያል።

ምንጭ በሌለበት ሥፍራ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከዛንዚባር ወጣ ብላ በምትገኘው የቹምቤ ደሴት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተገነቡት ሰባት የእንግዳ ቤቶች የዝናብ ውኃን በጣሪያቸው ሰብስበው ከቤቱ ሥር ባለ ማጠራቀሚያ ያከማቻሉ። የመታጠቢያ ፍሳሻቸው በተክል መደብ ውስጥ አልፎ ይጣራል፤ መጸዳጃ ቤቶቻቸውም ውኃ ሳይጠቀሙ እዳሪን ወደ ብስባሽ የሚለውጡ ናቸው። በደሴቷ ዙሪያ ያለው የኮራል ሪፍ እ.ኤ.አ. በ1994 በሕግ የተከለለ በመሆኑ ፍሳሽ ወደ ባሕር መልቀቅ የሎጁን መኖር ምክንያት ራሱን ማጥፋት ይሆን ነበር።

ገቢው የሚከፋፈልበት መንገድ

የፈይናን አሠራር ዋነኛ ትምህርት የሚገኘው በገቢ አከፋፈሉ ላይ ነው። ሕንፃው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ ንብረት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢኮሆቴልስ የተባለ የግል ድርጅት ሎጁን እንዲያስተዳድር ተደርጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ የሆቴል ገበያ አያውቅም፤ የሆቴል ባለሙያም የጥብቅ ሥፍራ ወሰን እንዲጠብቅ አይጠበቅም። ሥራው ሲከፋፈል ባለቤትነቱ በጥበቃ ተቋሙ እጅ በመቆየቱ፣ ሎጁን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ቢለወጥ እንኳ ሀብቱ ከሥፍራው አይወጣም።

ወደ ሎጁ የሚወስደው የመጨረሻው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት የሌለው ሻካራ መንገድ ነው። እንግዳው መኪናውን በመንደሩ መቀበያ ማዕከል ትቶ በአካባቢው ነዋሪዎች መኪና ይጓዛል፤ ሾፌሮቹም ተራ ጠብቀው ይሠራሉ። ሎጁ የራሱን መኪኖች ገዝቶ ይህን ገቢ ለራሱ ማድረግ ይችል ነበር። ያንን አለማድረጉ በሎጁ ውስጥ ላልተቀጠሩ ቤተሰቦችም ገንዘብ እንዲደርስ አድርጓል።

ተመሳሳይ አሠራር በሌሎችም ነገሮች ይታያል። የሎጁ ሠራተኞችና አስጎብኚዎች በአብዛኛው ከአካባቢው ቤዱዊኖች የተገኙ ናቸው። ክፍሎቹ የሚበሩበትን ሻማ የሚሠሩት በሎጁ ቅጥር ውስጥ ባለ አውደ ጥናት የሚሠሩ የአካባቢው ሴቶች ናቸው። ዳቦው ከመንደሩ ይገዛል። እንግዶች የቡና አፈላልና የዳቦ አጋገር ለማየት ወደ አርብቶ አደሮቹ ድንኳን ሲሄዱም ክፍያው ለተቀባዩ ቤተሰብ ይደርሳል።

በዚህ መንገድ አንድ እንግዳ የሚከፍለው ገንዘብ በብዙ እጆች ውስጥ ያልፋል። አንድ ቤተሰብ ከሹፍርና፣ ሌላው ከዳቦ፣ ሦስተኛው ከደመወዝ ጥቂት ጥቂት ሲያገኝ የአይቤክሱ በሕይወት መኖር ለሁሉም የጋራ ጉዳይ ይሆናል። የአገራችን ሰው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ቅንጦት በራቀ ሥፍራ

ሻማ የሚበራበት፣ ሥጋ የማይቀርብበት፣ ቴሌቪዥን የሌለበት ማረፊያ በምን ስሌት ከቅንጡዎች ተርታ ይመደባል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ያለው በገበያው ጠባይ ላይ ነው። ከትልልቅ ከተሞች የሚመጣው ጎብኚ መብራት፣ ማቀዝቀዣና ሰፊ አዳራሽ በቤቱ ሞልቶታል። በቤቱ የሌለው ጸጥታ፣ የሰማይ ከዋክብት፣ ያልተበከለ አየርና ሥፍራውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ አስጎብኚ ነው። በፈይናን ጣሪያ ላይ እንግዶች በቴሌስኮፕ ከዋክብትን የሚመለከቱት የአካባቢው ሰማይ በኤሌክትሪክ ብርሃን ባለመሸፈኑ ነው።

ይህ ማለት ጥራት ይቀንስ ማለት አይደለም። ንጹሕ አንሶላ፣ የሞቀ ውኃ፣ በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብና ትሁት መስተንግዶ የማይታለፉ ግዴታዎች ናቸው። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚወጣው ለዕብነ በረድ ሳይሆን ለሠራተኛ ሥልጠናና ለመስተንግዶ ጥራት መሆኑ ነው። የክፍሎቹ ቁጥር ማነሱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጥቂት እንግዶች ከፍ ያለ ዋጋ ሲከፍሉ በመንገድ፣ በውኃና በዱር እንስሳት ላይ የሚደርሰው ጫና ዝቅተኛ ሆኖ ገቢው ሊጠበቅ ይችላል። ጸጥታውን ለመሸጥ የተቋቋመ ሎጅ ክፍሎቹን በየዓመቱ እያበዛ ከሄደ የሚሸጠውን ነገር ራሱ ያጣዋል።

ሎጁ ብቻውን የማይመልሳቸው ጥያቄዎች

ተሞክሮው እንከን የለሽ አይደለም። ፈይናን በጥንታዊ የመዳብ ማዕድኑ የታወቀ አካባቢ ነው። በሮማውያን ዘመን ለእምነታቸው የተሰደዱ ክርስቲያኖች በግዞት ተልከው በማዕድን ጉድጓዶቹ እንዲሠሩ ይደረጉ እንደነበር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ዘግቧል። መዳቡ ዛሬም ከመሬት ሥር አለ።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የዮርዳኖስ መንግሥት የመዳብ ማዕድን ለማውጣት እንዲቻል የዳና ወሰን እንዲሻሻል ያሳለፈው ውሳኔ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በመንግሥት በኩል የቀረበው ምክንያት በአካባቢው ሥራ አጥነት ከፍተኛ መሆኑና ማዕድኑ ለአገሪቱ ኢኮኖሚ የሚሰጠው ጥቅም ነበር። የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ በበኩሉ ጥብቅ ሥፍራው አንድ ጊዜ ከተቆራረጠ ወደነበረበት እንደማይመለስ በመግለጽ ውሳኔውን ተቃውሟል።

ሁለቱም ወገኖች የሚያነሡት ጉዳይ ክብደት አለው። 26 ክፍሎች ያሉት ሎጅ የአንድ አውራጃን ሥራ አጥነት ሊፈታ አይችልም፤ ይፈታልኛል ብሎ የሚጠብቅ አስተዳደርም ይሳሳታል። የማዕድን ጉድጓድ ደግሞ መዳቡ ሲያልቅ የሚዘጋ ሲሆን፣ በደንብ የተያዘ ሸለቆ ግን ለሚቀጥለው ትውልድም ያበላል። ባለሥልጣናት እንዲህ ያለ ምርጫ ሲገጥማቸው የሁለቱንም ጥቅምና ጉዳት በቁጥር አስደግፈው፣ ነዋሪውን አማክረው መወሰን ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የገበያው ተለዋዋጭነት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ድንበሮችን ሲያዘጋ በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያሉ ማረፊያዎች ባዶ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 በኋላ በጋዛ የተካሄደው ጦርነትም በዮርዳኖስ የቱሪስት ፍሰት ላይ ከባድ ጫና አሳድሯል። ፍየሉን ሸጦ ኑሮውን ሙሉ በሙሉ በእንግዳ ላይ የጣለ ቤተሰብ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚደገፍበት ነገር ያጣል። በመሆኑም የሎጅ ገቢ የአርብቶ አደሩንና የገበሬውን ኑሮ የሚደጉም እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚተካ እንዲሆን ማቀድ አደገኛ ነው።

የስሜን ተራሮች ተመሳሳይ ጥያቄ

የዳና ጉዳይ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ የገባው የዋልያ ቁጥር በመመናመኑ፣ በግጦሽና በእርሻ መስፋፋት እንዲሁም በፓርኩ ውስጥ በሚያልፈው መንገድ ምክንያት ነበር። ከመዝገቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ለዚህ ውጤት ከተጠቀሱት እርምጃዎች መካከል በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ 418 የግጭ መንደር አባወራዎች ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ይገኝበታል። እነዚህ አባወራዎች ለዋልያው ሲባል ግጦሻቸውንና የገብስ ማሳቸውን ለቀዋል።

በፓርኩ ጠርዝ፣ በሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ሎጅ ግድግዳው ከተጠቀጠቀ አፈር መሠራቱና ከፓርኩ እምብርት ርቆ መቀመጡ ከላይ ከተዘረዘሩት መርሆዎች ጋር የሚጣጣም ነው። በሰሜን ሸዋ መንዝ ደግሞ የጓሳ ማኅበረሰብ የጓሳ ሣሩንና ግጦሹን በራሱ ደንብ ለዘመናት ሲጠብቅ የቆየ ሲሆን፣ በሥፍራው ያለው የእንግዳ ማረፊያም የማኅበረሰቡ ነው። በጓሳ ደንቡ ከማረፊያው በብዙ መቶ ዓመታት ቀድሟል።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች የእሳት ቃጠሎ በተነሣበት ወቅት የኬንያ ሄሊኮፕተርና የእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ለእርዳታ መምጣታቸው ይታወሳል። ከእነሱ በፊት ግን እሳቱን በቅጠልና በአፈር ሲከላከሉ የነበሩት በዙሪያው ያሉ ነዋሪዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የተከሰቱት ወረርሽኙ፣ በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነትና በአማራ ክልል የቀጠለው የጸጥታ ችግር የእንግዶችን ፍሰት እጅግ ቀንሰዋል። እንግዳ በማይመጣበት ዘመን ፓርኩን የሚጠብቀው ያው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ የሚጠብቀው ደግሞ ሎጁ ሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ የተገባለት ቃል ሲከበር ያየ እንደሆነ ነው።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕግ መሠረቱ በእጃችን አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ነዋሪዎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት ተጽዕኗቸው እንዲጠና ደንግጓል። የሚቀረው እነዚህ ድንጋጌዎች በአንድ የተወሰነ ሥፍራ፣ በአንድ የተወሰነ ምንጭና ግጦሽ ላይ ምን ማለት እንደሆኑ በውል ማስፈር ነው።

ከፈይናን ተሞክሮ በመነሣት ፈቃድ ሰጪው አካል ቢያንስ አምስት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ሎጁ በቀን ስንት ሊትር ውኃና ምን ያህል ኃይል ይጠቀማል፣ ምንጩስ በበጋ ይችለዋል? ሁለተኛ፣ ደረቅና ፈሳሽ ቆሻሻው የት ይደርሳል፣ ማንስ ይመረምረዋል? ሦስተኛ፣ መሬቱን የለቀቀው ወይም ግጦሹን የቀነሰው ቤተሰብ በስም ተለይቶ ምን ያገኛል? አራተኛ፣ ትራንስፖርት፣ አስጎብኚነትና የምግብ አቅርቦት ለአካባቢው ነዋሪ የተተወ ነው ወይስ ባለሀብቱ ሁሉንም ይጠቀልላል? አምስተኛ፣ እንግዳ ለሁለት ዓመት ባይመጣ የጥበቃ ሠራተኞች ደመወዝ ከየት ይከፈላል፣ ባለሀብቱ ቢለቅስ ሕንፃው የማን ይሆናል?

አምስቱም ጥያቄዎች በወረዳ ደረጃ ባሉ ባለሙያዎች ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው። ውኃውን የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ይለካል፤ የአባወራዎቹን ዝርዝር ቀበሌው ያውቃል፤ የግጦሹን ወሰን ሽማግሌዎቹ ያሳያሉ። መልሶቹ በጽሑፍ ሰፍረው፣ ነዋሪው በተገኘበት ተነበውና ተፈርመው የሎጁ የመሬት ውል አካል መሆን ያለባቸውም የመሠረት ድንጋዩ ከመቀመጡ አስቀድሞ ነው። ከግንባታው በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ባለሀብቱ ፈቃደኛ ሲሆን ብቻ ነውና።